ያላለቀውን ማን ይቅመሰው?

በኢትዮጵያ የግብር ወግ ጠጅ አሳላፊው ብርሌውን ለእንግዳው ከማቀበሉ በፊት ከመጠጡ ጥቂት በመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ዛሬ ይህ ነገር የትሕትና ምልክት ብቻ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ሌላ ነው። መጠጡ መርዝ ቢገባበት አስቀድሞ የሚወድቀው እንግዳው ሳይሆን አሳላፊው እንዲሆን ነው። አሳላፊው የሚቀምሰው ወዶ አይደለም፤ እንጀራው ያስቀምሰዋል። እንግዳውም ብርሌውን ሲጨልጥ ስለ ቀማሹ አያስብም፤ ወጉ የተሠራው እንዳያስብ ነውና።

ይህ አሮጌ የቅምሻ ወግ ፈጽሞ በማይጠበቅ ስፍራ እንደ ገና ብቅ ብሏል። ስፍራው የኮምፒዩተር ዓለም፣ በተለይም ሊኑክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና ነው። በዚያ ጌታ የለም፤ የሚቀምሱትም ወደው ነው። በደህና የሚሠራላቸውን፣ የተፈተነውንና የተረጋጋውን ሥርዓት ይተዉና ገና በመሠራት ላይ ወዳለው፣ ነገ ማለዳ ምን እንደሚሆን ሠሪዎቹ እንኳ ወደማያውቁት ዕትም ይሸጋገራሉ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ይመስለዋል። ቀርቦ ለሚመረምረው ግን ከበስተኋላው አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ ይገኛል። ያላለቀ ነገር ሳይፈተን አያልቅም፤ ሳያልቅ የሚፈትነው ሰው ደግሞ ይጎዳል። እንግዲህ የጉዳቱ ዕጣ ለማን ይውጣ?

ስለ አሠራሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሊኑክስ ራሱ ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ገና ተማሪ ሳለ የጀመረው የሥርዓቱ እምብርት ነው፤ ባለሙያዎች ከርነል ይሉታል። ይህን እምብርት በሺሕ ከሚቆጠሩ ሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አስማምተው ለተጠቃሚው የሚያቀርቡት ግን ሌሎች ማኅበሮች ናቸው። ከእነዚህም መካከል በዕድሜም በሥርዓት አክባሪነትም ስመ ጥሩ የሆነው ኢያን መርዶክ በነሐሴ 1993 የመሠረተው ዴቢያን ነው። ከ2004 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ የተሠራጨው ኡቡንቱም የተቀዳው ከዚሁ ምንጭ ነው።

ዴቢያን ሦስት እርከኖች አሉት። የላይኛው «የተረጋጋ» ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ይወጣል፤ ከወጣም በኋላ ከጸጥታ ጉድለቶችና ከከባድ እንከኖች እርማት በቀር የሚለወጥበት ነገር እጅግ ጥቂት ነው። የታችኛው «ያልተረጋጋ» ይባላል፤ አዲስ ነገር ሁሉ በቅድሚያ የሚገባው በእርሱ በኩል ነው። በመካከላቸው ከ2000 መጨረሻ ጀምሮ «በፈተና ላይ ያለ» የሚባለው ይገኛል። ወደ ታችኛው እርከን የገባ አንድ ፓኬጅ እንደ ሁኔታው ከ2 እስከ 10 ቀን እዚያው ይቆያል፤ በእነዚያ ቀኖች ከባድ እንከን ካልተመዘገበበት ወደ መካከለኛው ያልፋል። መካከለኛው ደግሞ ጊዜው ሲደርስ በሩ ይዘጋና ለወራት ሲጣራ ቆይቶ የተረጋጋ የሚለውን ስም ያገኛል።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበል። ወንፊቱ ቀን አይደለም፤ ሰው ነው። በነዚያ 10 ቀናት ውስጥ ፕሮግራሙን የሚጠቀም፣ እንከኑን አይቶ የሚመዘግብ ሰው ከሌለ 10 ቀን ማለት 10 ቀን ብቻ ነው። የተረጋጋው ዕትም መረጋጋቱን ያገኘው በታችኛው እርከን ላይ ሆነው ከተንገዳገዱ ሰዎች ነው።

የዴቢያን ዕትሞች ስማቸውን የሚያገኙት በ1995 ከወጣው የቶይ ስቶሪ ፊልምና ከተከታዮቹ ነው። የተረጋጉት በየጊዜው በአንዱ ገጸ ባሕርይ ስም ይጠራሉ። ያልተረጋጋው ግን ስሙ አይለወጥም፤ ሁልጊዜ ሲድ ነው። ሲድ በፊልሙ ውስጥ አሻንጉሊት እየሰበረ የሚጫወተው የጎረቤት ልጅ ነው። ወደ ሲድ ለመሸጋገር የሚያስፈልገው ሥራም የሚያስገርም ያህል ትንሽ ነው። የፓኬጆቹ ምንጭ በተጻፈበት አጭር ፋይል ውስጥ ያለውን የዕትሙን ስም ማጥፋት፣ በቦታው ሲድ ብሎ መጻፍ፣ ከዚያም ሁለት ትእዛዝ መስጠት ነው። መመለሱ ግን እንዲህ አይደለም። ዴቢያን ከላይኛው ወደ ታችኛው የወረደን ሥርዓት መልሶ ለማውጣት ኃላፊነት አይወስድም፤ መመለስ የፈለገ ሁሉን አጥፍቶ እንደ ገና ከመሠረቱ ይጭናል። በሩ ወደ ውስጥ ብቻ የሚከፈት መሆኑ ጥያቄውን ያከብደዋል፤ ሊመለሱበት የሚችሉት ስሕተትና የማይመለሱበት ስሕተት በአንድ ሚዛን አይመዘኑምና።

አስተዋይ ነኝ የሚል ሰው ፍርዱ ቀላል ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላል። ሌላው ደግሞ ያልተገላበጠ ያራል ብሎ ይመልስለታል። ተረትና ምሳሌ እንደ ጠበቃ ነው፤ ለሁለቱም ወገን ይቆማል። ስለዚህ ነገሩን በምሳሌያዊ አነጋገር ብቻ መቋጨት አይቻልም።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ድርጊት ቅን መሆኑን ለመለየት የሚያገለግል ሚዛን አቅርቦ ነበር፤ ይህን ነገር ሰው ሁሉ ቢያደርገው ዓለም ይቆማል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። በዚህ ሚዛን «ሌሎች እስኪፈትኑት እጠብቃለሁ» የሚለው ሰው ይወድቃል። ሁሉም ቢጠብቅ የሚጠበቀው ነገር ከቶ አይመጣምና። ዳሩ ግን ሚዛኑን ገልብጦ ላየው ሰው ሌላ ነገር ይገጥመዋል። ሰው ሁሉ፣ ሐኪም ቤቱም፣ ባንኩም፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውም ወደ ሲድ ቢሸጋገር ቆሞ የሚጠገንበት መሬት ይጠፋል። ሁለቱም ወገን በሁሉ ሰው ላይ ሕግ ሊሆን አይችልም። እንግዲህ ጥያቄው «መሸጋገር ይገባል ወይስ አይገባም?» ሳይሆን «ማን፣ በማን ኮምፒዩተር፣ ስለ ማን?» መሆን አለበት። ካንትን የሚወዱ ሰዎች ሚዛኑ ይህንንም ዝርዝር ይችላል ይላሉ፤ ይችል ይሆናል፤ ግን ያን ጊዜ ሚዛኑ የሚናገረው ከተጠየቀው በላይ አይሆንም።

በመጋቢት 2024 የደረሰው ነገር የቅምሻን ወግ ቃል በቃል የሚያስታውስ ነበር። ኤክስዜድ የተባለ፣ ፋይሎችን ጨምቆ የሚያሳንስ፣ በሊኑክስ ሥርዓቶች ዘንድ እጅግ የተለመደ ፕሮግራም አለ። ለብዙ ዓመታት የጠበቀው ያለ ደመወዝ የሚሠራ አንድ ባለአደራ ነበር። ከ2021 አንሥቶ ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ፣ እውነተኛ ማንነቱ ያልተገለጠ ሰው ወይም ቡድን ወደዚህ ሥራ ቀረበ። ጠቃሚ እርማቶችን እየላከ አመኔታ አተረፈ። ሌሎች ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎችም በፊናቸው ሥራው ዘገየ፣ ረዳት ያስፈልጋል እያሉ የደከመውን ባለአደራ ሲጎተጉቱ ቆዩ። እንግዳው ከሁለት ዓመት በላይ ታገሠ፤ በትዕግሥቱም የቤቱ ቁልፍ ተሰጠው። ከዚያም በየካቲት 2024 በወጣው 5.6.0 በተባለው ዕትም ውስጥ፣ ቀጥሎም በ5.6.1፣ ስውር በር ሸሸገ። በሩ ቢሠራ ኖሮ ቁልፉ በእጁ ያለ ሰው ኤስኤስኤች በተባለው የሩቅ መግቢያ በኩል በዓለም ላይ ወደሚገኙ እጅግ ብዙ ሰርቨሮች እንደ ባለቤት ሆኖ መግባት ይችል ነበር።

መርዙ ወደ ሲድ ገባ፤ ወደ መካከለኛውም አለፈ፤ ፌዶራ የተባለው ሌላው ሥርዓት ሮሃይድ ብሎ ወደሚጠራው የራሱ በግንባታ ላይ ያለ ዕትምም ደረሰ። የተረጋጋው ዴቢያን ብርሌ ውስጥ ግን አልገባም፤ ከዚያ በፊት ቀማሽ ተገኘ። አንድሬስ ፍሮይንድ በማይክሮሶፍት ተቀጥሮ ፖስትግሬስ የተባለውን የመረጃ ቋት ፕሮግራም የሚሠራ መሐንዲስ ነው። በሲድ ላይ የመረጃ ቋቱን ፍጥነት ሲለካ ሳለ ወደ ኮምፒዩተሩ መግባት ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አስተዋለ። ከዚህ ቀደም ደግሞ ቫልግራይንድ የተባለው መመርመሪያ ምክንያቱ ያልታወቀ ቅሬታ ሲያሰማ አይቶ ነበር። ሁለቱን አገናኝቶ ክሩን ሳበ። በመጋቢት 29 ቀን ያገኘውን ለዓለም አሳወቀ። የኡቡንቱ አዘጋጆች የ24.04ን የሙከራ ዕትም በአንድ ሳምንት አዘግይተው ፓኬጆቻቸውን እንደ ገና ሠሩ።

ይህን ታሪክ የሰሙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያወድሱት የሰውየውን ድፍረት ነው። ነገር ግን ድፍረት የለበትም። ፍሮይንድ መርዝ ፍለጋ አልወጣም፤ ሌላ ነገር እየለካ ነበር። በዚያው ሳምንት ያንኑ ፕሮግራም በኮምፒዩተራቸው የጫኑ ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ ግማሽ ሰከንዱ በእነርሱም ላይ ዘግይቷል። እርሱን ከእነርሱ የለየው ለምን ብሎ መጠየቁና መልሱን ለራሱ አለማስቀረቱ ነው። ስለዚህ ወደ ያልተረጋጋው ዕትም መሸጋገር በራሱ በጎ ሥራ አይደለም። አዲስ መልክና አዲስ ቁጥር ለማየት ተሸጋግሮ፣ ሲሰበርበት ተራግሞ፣ እንከኑን ሳይመዘግብ እንደ ገና የሚጭን ሰው ቀመሰ አይባልም፤ ጠጣ እንጂ። ከእንዲህ ያለው ሰው ይልቅ በተረጋጋው ዕትም ላይ ቆይቶ ያገኛትን አንዲት እንከን በቅጡ ጽፎ የሚልክ አረጋዊ ይበልጣል።

ሌላም ነገር አለ። መርዙ የገባውም በዚያው በር ነው። አዲስ ነገር ቶሎ ይግባ የሚል ልማድ ባይኖር እንግዳው የሸሸገውን ይዞ በ1 ወር ውስጥ እዚያ ድረስ ባልደረሰ ነበር። ሲድ የቤተ መንግሥቱ ምላስ ነው፤ የቤተ መንግሥቱ ጓሮ በርም ነው።

ቅምሻ ሁልጊዜ እንደማይበቃም ማስረጃ አለ። በ2006 አንድ የዴቢያን ባለአደራ ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የምስጢር ቁልፍ መሥሪያ ውስጥ ጥቂት የኮድ መስመር ሰረዘ። የሰረዘውም ይኸው ቫልግራይንድ የተባለው መመርመሪያ በመስመሩ ላይ ቅሬታ ስላሰማ ነበር፤ ቅሬታውን ዝም አሰኝቶ ቤት ያጸዳ መሰለው። ውጤቱ ግን ቁልፎቹ በሙሉ ከጥቂት ዕጣ ውስጥ የሚወጡ መሆናቸው ነበር፤ ለእያንዳንዱ የቁልፍ ዓይነትና መጠን ሊገኝ የሚችለው ልዩ ልዩ ቁልፍ 32,767 ብቻ ሆነ። አጥቂ ሁሉንም በትዕግሥት ሊሞክራቸው ይችላል። ለውጡ በሲድ በኩል ገባ፤ በወንፊቱ አለፈ፤ በ2007 በተረጋጋው ዕትም ውስጥ ወጣ፤ ኡቡንቱንም ነካ፤ የተገለጠው በግንቦት 2008 ነው። ሃያ ወር ያህል የቀመሰው ሁሉ ጣዕሙን አልለየም፤ ደካማ ቁልፍም እንደ ጠንካራው ቁልፍ በሩን ይከፍታልና። በ2006 የአንድ መሣሪያ ቅሬታ እንዲታፈን ተደረገ፤ በ2024 የዚያው መሣሪያ ቅሬታ ተደመጠ። ከዚህ በላይ አስተያየት መጨመር አስፈላጊ አይመስልም።

የጉዳቱን ዕጣ በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ወደው ነው የገቡት» የሚል ነው። በእርግጥ ዴቢያን በ1997 ባወጣው ማኅበራዊ ውል ውስጥ ችግሮችን ላለመሸሸግ ቃል ገብቷል፤ የእንከኖቹ መዝገብ ለሁሉ ክፍት ነው። ቀማሹ አልተታለለም። በዚህ ረገድ ያላለቀ ዕቃን አለቀ ብሎ በገንዘብ ከሚሸጥና ገዢውን ሳይነግረው ቀማሽ ከሚያደርግ ነጋዴ ይህ ማኅበር እጅግ የቀና ነው። ነገር ግን ወዶ መግባት እስከ ምን ድረስ ይደርሳል? በ2008 ክረምት መውጫ ላይ 2.6.27 የተባለው ከርነል ገና በሙከራ ላይ ሳለ ያልታሰበ ነገር ደረሰ። የኢንቴል ኩባንያ የሠራቸው አንዳንድ የኔትወርክ ካርዶች በውስጣቸው ያለው ቋሚ ትውስታ ተበላሸ። ይህ ሥርዓቱን አጥፍቶ እንደ ገና በመጫን የሚድን አይደለም፤ የተጎዳው ፕሮግራሙ ሳይሆን ዕቃው ነው። የኡቡንቱን፣ የፌዶራንና የኦፕንሱዜን የሙከራ ዕትሞች የጫኑ ሰዎች አደጋው ደረሰባቸው ወይም አንዣበበባቸው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የካርዱ ማንቀሳቀሻ ፕሮግራም ነበር፤ ከብዙ ምርመራ በኋላ ግን ጥፋተኛው የከርነሉን ሥራ ለመከታተል የተሠራ ከካርዱ ጋር የማይገናኝ ሌላ መሣሪያ ሆኖ ተገኘ።

እነዚህ ሰዎች የተቀበሉት ፋይላቸው ሊጠፋ፣ ስክሪናቸው ሊጨልም እንደሚችል ነበር። ዕቃቸው ይሞታል ብሎ ያስጠነቀቃቸው የለም፤ ማንም አያውቅም ነበርና። ማንም በማያውቀው ነገር ላይ ፈቃድ መስጠት ይቻላል? አንዱ ወገን «ያላለቀ ነገር ማለት አደጋው ያልታወቀ ማለት ነው፤ የተስማሙት ላለማወቁ ጭምር ነው» ይላል። አመክንዮው የተሟላ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ይጎድለዋል። ባልታወቀ ነገር ላይ የተሰጠ ፈቃድ የሰጪውን ቅሬታ ይዘጋ እንደ ሆነ እንጂ የተቀባዩን ዕዳ አይሰርዝም። ሠሪው በሕግ ካሳ አይከፍል ይሆናል፤ ፈቃዱም ያለ ዋስትና እንደሚሰጥ በግልጽ ይናገራል፤ ነገር ግን ምክንያቱን እስኪያገኝ ድረስ እንቅልፍ የመከልከል ግዴታ አለበት። በ2008 ያን ግዴታ የተወጡ ሰዎች መኖራቸው ለማኅበሩ ክብር ነው።

በራስ ዕቃ ላይ ያለው ነገር ይህን ያህል ነው። ኮምፒዩተሩ የሌላ ሰው አደራ ሲሆን ግን ክርክሩ ያጥራል። የታካሚዎች መዝገብ ያለበትን፣ የትምህርት ቤት ውጤት የተቀመጠበትን፣ የሠራተኞች ደመወዝ የሚሠራበትን ሰርቨር ወደ ያልተረጋጋ ዕትም የሚያሸጋግር ባለሙያ «እኔ ወድጄ ነው» ሊል አይችልም፤ የሚቀምሰው በሌላ ሰው ምላስ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይህን ለመሰለው ነው። መዝገብ ቤቱ ሲዘጋ በፀሐይ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው ስለ ሲድ ሰምቶ አያውቅም። አንዳንድ ባለሙያ የቅርብ ጊዜ ፕሮግራም ጸጥታውም የተሻለ ነው ብሎ ይከራከራል፤ ግን የተረጋጋው ዕትም የጸጥታ እርማት የማይቋረጥበት መሆኑን እርሱም ያውቃል። እውነተኛው ምክንያት ብዙውን ጊዜ መሰላቸት ነው። የተረጋጋ ሥርዓት አሰልቺ ነው፤ አሰልቺነቱም ሥራው ነው።

ከዚህ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ሌላ ጥያቄ ነው። ለመቅመስ አቅም ያለው ማን ነው? ገበሬ አዲስ ዘር ሲያገኝ ማሳውን ሁሉ አይዘራበትም፤ ከጓሮው ጥግ ይሞክረዋል። ጓሮ የሌለው፣ ያለችውም አንዲት ጥማድ መሬት የዓመት ቀለቡ የሆነች ገበሬ ግን ጥጉንም አይሞክርም፤ አለመሞከሩም ከድንቁርና ሳይሆን ከስሌት የመነጨ ነው። በኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ሲድ በየቀኑ ይለወጣል፤ ለውጡን ለመከተል በየጊዜው በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ማውረድ ግድ ይላል። ኢንተርኔት በሜጋባይት ተቆጥሮ በሚሸጥበት፣ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ የሀብታም ጨዋታ ነው። ካኖኒካል የተባለው የኡቡንቱ ኩባንያ እስከ 2011 ድረስ የተረጋጋውን ዕትም ሲዲ ለጠየቀው ሁሉ፣ በየትኛውም አገር ቢሆን፣ በነጻ በፖስታ ይልክ ነበር። በግንባታ ላይ ያለው ዕትም ግን በፖስታ አይመጣም፤ ሲዲው እስኪደርስ ያረጃልና።

ከዚህ የተነሣ ቀማሾቹ በአመዛኙ ፈጣን መስመርና ሁለተኛ ኮምፒዩተር ያላቸው፣ ቋንቋቸውም በላቲን ፊደል የሚጻፍ ሰዎች ሆኑ። ያገኙት እንከን ታርሟል፤ ያላገኙት ግን አልታረመም። መብራት በመሐል ሲጠፋ በግማሽ የቀረ የማሻሻል ሥራ ምን እንደሚሆን፣ አሥር ዓመት ያገለገለ ኮምፒዩተር አዲሱን መልክ ተሸክሞ ይንቀሳቀስ እንደ ሆነ የሚመሰክረው በዚያ ሁኔታ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው። እርሱ ከቀማሾቹ መካከል ከሌለ ዕትሙ የተረጋጋ ተብሎ የሚወጣው ለሌሎች ተረጋግቶ ነው።

የግእዝ ፊደል ጉዳይ ይህን ከሁሉ ይልቅ ያሳያል። እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱን የፊደል አቀማመጥ ይከተል ስለ ነበር በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም ነበር። በ1999 ፊደሉ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ከገባ በኋላ የጋራ መሠረት ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በነጻ ሶፍትዌር ዘንድ የአማርኛ ስፍራ ቀስ በቀስ ሰፋ፤ በ2009 የወጣው ሌኒ የተባለው ዴቢያን የመጫኛውን ጥያቄዎች በአማርኛም ያቀርብ ነበር። ነገር ግን በሠንጠረዥ ውስጥ መግባት ሌላ፣ በየዕትሙ በትክክል መሥራት ሌላ ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል ብዙውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ቁልፍ ይጻፋል። የቁልፎቹን ጉዞ ከጣት እስከ ስክሪን የሚመራው ክፍል ሲለወጥ፣ አንድ ፊደል በአንድ ቁልፍ የሚጽፈው እንግሊዛዊ ምንም ነገር አይሰማውም። በእርሱ ዘንድ ፈተናው አልፏል። ከኤክስ ወደ ዌይላንድ የተደረገውን የመሰለ ትልቅ ሽግግር ሲመጣ «ሰ» ብሎ የጀመረ ሰው «ሴ» ላይ መድረስ አለመድረሱን የሚያውቀው «ሴ» የሚጽፍ ሰው ብቻ ነው።

ተርጓሚዎች ደግሞ ከዚህም በላይ ወደ ያላለቀው የሚገፋቸው ነገር አለ። የሚተረጎሙት ቃላት የሚደርሷቸው ተነጣጥለው፣ በረጅም ዝርዝር ነው። በእንግሊዝኛ «ኦፕን» የምትለዋ ቃል ብቻዋን ስትመጣ ትእዛዝ ናት ወይስ ሁኔታ? «ክፈት» ይባል ወይስ «ክፍት»? ትእዛዝ ከሆነችስ ማሽኑ የሚናገረው ለማን ነው? «ክፈት» ቢል ሴቲቱን ወንድ ያደርጋታል፤ «ክፈቺ» ቢል ወንዱን፤ «ይክፈቱ» ቢል ደግሞ የአሥር ዓመቱን ልጅ ያንቱ ይለዋል። «መክፈት» ብሎ መሸሽ ይቻላል፤ አንዳንድ ተርጓሚ የሚመርጠውም ይህን ነው፤ ግን በየመስኮቱ መሸሽ ቋንቋውን እንደ ተለጠፈ ማስታወቂያ ያደርቀዋል። ቃሉ የተቀመጠበትን ቁልፍ፣ ከጎኑ ያለውን ጽሑፍ፣ ከተጫኑት በኋላ የሚሆነውን ሳያዩ መፍረድ አይቻልም። ይህ ሁሉ የሚታየው ገና በመሠራት ላይ ባለው ዕትም ውስጥ ብቻ ነው። ጂኖምን የመሳሰሉ ትልልቅ ሥራዎች አዲስ ዕትም ከመውጣቱ በፊት ጽሑፎቹ እንዳይለወጡ የሚታገዱበት ጊዜ አላቸው፤ ከእገዳው እስከ መውጫው ያለው ጊዜ የሳምንታት ነው። በዚያን ጊዜ በዕትሙ ውስጥ ያልነበረ ተርጓሚ የሚያየው ከወጣ በኋላ ነው፤ ከወጣ በኋላ ደግሞ «ክፈት» የተባለች ሴት እስከሚቀጥለው ዕትም «ክፈት» እየተባለች ትቆያለች።

እንግዲህ ለትንንሽ የኮምፒዩተር ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ወደ ግንባታ ላይ ወዳለው ዕትም መሸጋገር በመውደድ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ያላለቀው ቤት ውስጥ ያልገባ ሰው መስኮቱ በየት በኩል ይሁን ሲባል አይጠየቅም። ይህ ግዴታ ነው ማለት ግን ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ግዴታው የወደቀው ዕዳውን ለመሸከም አቅሙ ከሌሎች ባነሰው ሰው ላይ ነው። ከሌላው ያነሰ ገንዘብና ያነሰ መብራት ያለው ሰው፣ ሌላው ሳይቀምስ የሚያገኘውን ለማግኘት መቅመስ አለበት። ፍትሕ የጎደለው ነገር መሆኑ አያጠራጥርም። ያንኑ ቅምሻ ከማድረግ የሚያሳርፍ ምክንያት መሆኑ ግን ያጠራጥራል፤ አለመቅመሱ ፍትሑን አይመልስምና።

በተግባር መካከለኛ መንገድ አለ፤ ዝርዝሩም ረጅም አይደለም። በዋናው ኮምፒዩተር ላይ የተረጋጋውን ማቆየት፣ ያላለቀውን በአሮጌ ላፕቶፕ ወይም በዋናው ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒዩተር በሚሠራ ምናባዊ ማሽን ማስቀመጥ፣ ፋይሎችን አስቀድሞ በሌላ ስፍራ መገልበጥ ነው። መስመሩ ውድ በሆነበት ስፍራ ጥቂት ሰዎች ተባብረው አንዱ ያወረደውን ፓኬጅ በፍላሽ ዲስክ መቀባበል ይችላሉ፤ ዴቢያን ፓኬጆችን ከቅርብ ማከማቻ መውሰድን ይፈቅዳል። ከሁሉም በላይ ያዩትን መጻፍ ያስፈልጋል፤ ምን ተደረገ፣ ምን ይጠበቅ ነበር፣ ምን ሆነ። ለዚህ የኮድ ዕውቀት አያስፈልግም፤ ከጥሩ የሕመም አነጋገር አይለይም።

ትሪክሲ የተባለው ዴቢያን 13 በነሐሴ 2025 የተረጋጋ ተብሎ ወጥቷል። ከበስተኋላው በመካከለኛው እርከን ላይ ስፍራውን የያዘው ፎርኪ ይባላል፤ ከሲድ የሚንጠባጠበውን በየቀኑ እየተቀበለ ነው። በሩ የሚዘጋበት ቀን እስኪደርስ በውስጡ ያለው ሁሉ ሊለወጥ ይችላል፤ ቁልፎቹ ላይ የተጻፉት የአማርኛ ቃላትም ጭምር።